ኪንታሮት፦ በቤት የሚበቃው ክብካቤ እና ሐኪም የሚሻው ምልክት

ባሕር ዳር፦ ጠዋት በሬዎቹን ጠምዶ የወጣ አርሶ አደር እርፍ ጨብጦ ሲያርስ ይውልና ማታ ከቤቱ ሲገባ መደብ ላይ አረፍ ማለት ያቅተዋል። በከተማም ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የዋለ ሾፌር ወይም ከወንበሩ ሳይነሣ የዋለ የቢሮ ሠራተኛ ተመሳሳይ ሕመም ይዞት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሕመሙ ያለበትን ቦታ ለሰው መናገር ያሳፍራል። ለትዳር አጋር እንኳ ሳይነገር ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ያልፋሉ። ደም ሲታይ ደግሞ በዕፍረቱ ላይ ፍርሃት ይጨመርበታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል የኪንታሮትን ያህል የሚስማማው ሕመም ጥቂት ነው።

ኪንታሮት በአብዛኛው ገዳይ በሽታ አይደለም። ጀማሪ ከሆነ በምግብ፣ በውኃ እና በመጸዳጃ ልማድ ለውጥ በቤት ውስጥ ሊሻል ይችላል። ብዙ ሰው የሚጎዳው ከበሽታው ይልቅ ተደብቆ በመቆየቱ ነው። የደበቀ ሰው በስውር የሚያቃጥል መድኃኒት ያስደርጋል፤ ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ይዞት ሳለ «ኪንታሮት ነው» ብሎ ራሱን ያጽናናል። ስለዚህ በቤት የሚበቃውን ክብካቤ ማወቅ እና የማይበቃበትን ምልክት መለየት እኩል አስፈላጊ ናቸው።

አንድ ስም፣ ሁለት ሕመም

በአማርኛ «ኪንታሮት» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው በእጅ፣ በእግር ወይም በፊት ቆዳ ላይ የሚወጣው ሻካራ ጉብታ ነው። ይህ በቫይረስ ምክንያት የሚመጣ የቆዳ ዕድገት ሲሆን በንክኪ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ሁለተኛው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሆነው የፊንጢጣ ኪንታሮት ነው። ይህኛው በፊንጢጣ ውስጥና ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ማበጥ እንጂ ከውጭ የመጣ ዕድገት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በአንድ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ አብሮ መቀመጥ ወይም አብሮ መተኛት ኪንታሮት አያስይዝም።

የስሙ መመሳሰል ጉዳት አለው። የቆዳው ኪንታሮት በሕክምና ሊቃጠል ወይም ተቆርጦ ሊወገድ ይችላል። ይህንን የሚያውቅ ሰው የፊንጢጣውም ኪንታሮት እንደዚያው «ተነቅሎ የሚወድቅ» ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የሚቃጠለው ወይም የሚቆረጠው ደም የሞላ ሥር እና በጣም ስስ የሆነ ገላ ነው። በሌላ በኩል የቫይረሱ ዓይነት ኪንታሮት በፊንጢጣና በብልት ዙሪያም ሊወጣ ይችላል። እንደ አበባ ጎመን የተሰባጠረ፣ ቁጥሩ እየበዛ የሚሄድ ጉብታ ያየ ሰው የደም ሥር ኪንታሮት ነው ብሎ ከመገመት ይልቅ መመርመር አለበት።

የሕመሙ ምንነት

በትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ እንደ ትንንሽ ትራስ ሆነው የሚያገለግሉ፣ በደም ሥር የተሞሉ ለስላሳ አካላት በማንኛውም ጤነኛ ሰው ውስጥ ይገኛሉ። ሥራቸው ፊንጢጣ በደንብ እንዲዘጋ ማገዝ ነው። በእነዚህ ሥሮች ላይ ለረጅም ጊዜ ጫና ሲበዛ ደም ይቋጥራሉ፣ ያብጣሉ፣ ደግፈው የያዟቸው ጅማቶችም ይላላሉ። ኪንታሮት የሚባለው ይህ ነው።

ኪንታሮት እንደሚገኝበት ቦታ በሁለት ይከፈላል። የውስጥ ኪንታሮት ሕመም በማይሰማው የአንጀት ክፍል ስለሚገኝ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ምልክቱ ከሰገራ በኋላ ጠብ ጠብ የሚል ወይም በመጥረጊያ ላይ የሚታይ ደማቅ ቀይ ደም ነው። የውጭ ኪንታሮት ግን በቆዳ ሥር ስለሚገኝ ያሳክካል፣ ያብጣል፣ ለመቀመጥም ያስቸግራል።

ሐኪሞች የውስጥ ኪንታሮትን በ4 ደረጃ ይለዩታል። በ1ኛ ደረጃ ላይ ያለው ይደማል እንጂ አይወጣም። በ2ኛ ደረጃ ላይ ያለው በማማጥ ጊዜ ወጥቶ በራሱ ይመለሳል። በ3ኛ ደረጃ የደረሰው ከወጣ በኋላ በጣት ተገፍቶ ካልሆነ አይመለስም። በ4ኛ ደረጃ የደረሰው ደግሞ ተገፍቶም አይመለስም። የቤት ውስጥ ክብካቤ ይበልጥ ውጤት የሚያመጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ነው። በኋለኞቹም ሕመሙን ያስታግሳል፤ ሐኪምን ግን አይተካም።

ጫናው ከየት ይመጣል

ዋናው መንስኤ የሆድ ድርቀት እና እሱን ተከትሎ የሚመጣው ማማጥ ነው። የደረቀ ሰገራን ለማስወጣት ትንፋሽ ይዞ ማማጥ በፊንጢጣ ዙሪያ ያሉ ሥሮችን በደም ይወጥራል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም እብጠቱ ይጸናል። ለረጅም ጊዜ የቆየ ተቅማጥም ቦታውን አዘውትሮ ስለሚያስቆጣ ለኪንታሮት ሊያጋልጥ ይችላል።

የሆድ ድርቀት ራሱ ከኑሮ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ነው። በእርሻና በአጨዳ ወቅት ሥራው እስኪያልቅ ሰገራን ይዞ መቆየት የተለመደ ነው። መጸዳጃ ቤት በሌለበት መንደር ሴቶች ከሰው ዓይን ለመሸሸግ ጨለማ እስኪወድቅ ይጠብቃሉ። ሰገራ በአንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ውኃው እየተመጠጠ ይደርቃል፤ ያልተሰማ ጥሪም ቀስ በቀስ ይጠፋል። እንደ መተማ እና ቋራ ባሉ ቆላማ የሰሊጥ አካባቢዎች በፀሐይ የሚውል የቀን ሠራተኛ ብዙ ላብ ያወጣል። ላቡን የሚተካ ውኃ ካልጠጣም አንጀቱ ይደርቃል።

ከባድ ሸክምም ጫና ይፈጥራል። የእህል ጆንያ ወይም ውኃ የሞላ ጀሪካን ትንፋሽን ይዞ ማንሣት ከማማጥ ጋር ተመሳሳይ ውጤት አለው። ለረጅም ሰዓት መቀመጥ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ እርግዝና እና የዕድሜ መግፋትም ከአጋላጭ ምክንያቶች መካከል ናቸው። ጫት መቃም የምግብ ፍላጎትን ስለሚቀንስ፣ ሆድ ስለሚያደርቅ እና ለሰዓታት ስለሚያስቀምጥ ጉዳቱ በብዙ በኩል ይመጣል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ስልክ ይዞ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ረጅም ጊዜ መቆየት በከተማ የተለመደ አጋላጭ ልማድ ሆኗል።

በርበሬ እና ሚጥሚጣ ኪንታሮት ያመጣሉ የሚል እምነት አለ። የበዛ ቅመም ሲወጣ የተቆጣውን ቦታ ሊያቃጥል ይችላልና ሕመሙ እስኪበርድ መቀነሱ ይረዳል፤ ይሁንና የበሽታው ሥር እሱ አይደለም። በርበሬን ብቻ አቁሞ ውኃና አትክልትን የዘነጋ ሰው ለውጥ አያይም።

ከማሳ እና ከማጀት የሚገኘው መድኃኒት

ለኪንታሮት ክብካቤ ቀዳሚው ጉዳይ ሰገራን ማለስለስ ነው። ይህን የሚያደርገው በእህል፣ በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በፍራፍሬ ውስጥ የሚገኘው አሰር ወይም ፋይበር ነው። አሰር አይፈጭም፤ ውኃ እየያዘ በአንጀት ውስጥ ያልፋል፤ ሰገራውንም ለስላሳና ጓል ያልሆነ ያደርገዋል። ለአንድ አዋቂ በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር ይመከራል።

ይህ መጠን በገጠሩ ነዋሪ ደጅ ይገኛል። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር ወደ 8 ግራም አሰር ሲይዝ፣ ተመሳሳይ ክብደት ያለው የተቀቀለ ነጭ ሩዝ የሚይዘው ከ1 ግራም በታች ነው። 100 ግራም ዘይቱን ወደ 5 ግራም፣ አቮካዶ ደግሞ ወደ 7 ግራም ይይዛሉ። ሽምብራ፣ አተር እና ባቄላም በአሰር የበለጸጉ ናቸው። ጠዋት የስንዴ ቂንጬ ወይም ከአጃ የተሠራ ምግብ፣ ምሳ ላይ የምስር ወጥ ከጎመን ጋር፣ ከሰዓት በኋላ ንፍሮ ወይም ፍራፍሬ የተመገበ ሰው ከሚያስፈልገው መጠን ይደርሳል። እህል ሲፈጭ ገለባውን ሙሉ በሙሉ አለማስወገድም አሰሩ እንዲቀር ያደርጋል። አርሶ አደሩ ጎመኑንና ዘይቱኑን ሁሉ ለገበያ ሳይሸጥ ለቤቱም ቢያስቀር የመድኃኒት ወጪውን ይቀንሳል።

ተልባ ሌላው በቅርብ የሚገኝ ረዳት ነው። ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከዚያም ተጨማሪ ውኃ ማስከተል ሰገራን ያለሰልሳል። ተልባን በደረቁ መቃም ግን አይገባም፤ ውኃ ስለሚስብ በጉሮሮ ወይም በአንጀት ሊቋጠር ይችላል። በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ያለበት ሰው መድኃኒቱን እና ተልባውን በአንድ ሰዓት ባይወስድ መልካም ነው፤ ተልባው መድኃኒቱ በደንብ እንዳይሠራ ሊያደርግ ይችላልና።

አሰርን በአንድ ቀን አብዝቶ መጀመር ሆድን ይነፋል። በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ መጨመር ይገባል። ከሁሉም በላይ አሰር ያለ ውኃ ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም ድርቀቱን ያብሳል። አዋቂ ሰው በቀን ከ8 ብርጭቆ ያላነሰ ፈሳሽ ቢጠጣ ይመከራል፤ በፀሐይ የሚሠራ ሰው ከዚህም በላይ ያስፈልገዋል። ወደ እርሻ የሚሄድ ሰው ስንቁን እንደሚይዝ ሁሉ ውኃውንም በኮዳ መያዝ አለበት። ጠላ እና አረቄ የውኃን ቦታ አይተኩም፤ አልኮል ሰውነት ውኃ እንዲያጣ ያደርጋል። የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ኖሮበት የፈሳሽ መጠን የተወሰነለት ሰው ግን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ይኖርበታል።

የጾም ወቅት ሁለት ገጽታ አለው። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ የሚዘወተሩት ሽሮ፣ ምስር እና ጎመን ለአንጀት ተስማሚ ናቸው። በአንጻሩ ያለ ውኃ የሚቆይበት ሰዓት ይረዝማል። በረመዳንም ቀኑ ያለ ውኃ ያልፋል። ስለዚህ ጾም ሲፈታ መጀመሪያ ውኃ መጠጣት፣ ከዚያም እስከ መኝታ ድረስ በየመካከሉ መድገም ይበጃል። የጾም ፍቺ በዓላት ደግሞ በተቃራኒው ሥጋ፣ ቅቤ እና መጠጥ የሚበዛባቸው፣ አትክልት የሚዘነጋባቸው ቀናት ናቸው። ኪንታሮት ያለበት ሰው በበዓል ገበታው ላይ ጎመን ወይም ሰላጣ እንዳይለይ ቢያደርግ ከበዓል ማግስት ሥቃይ ይድናል።

የመጸዳጃ ልማድ

ሰገራ ሲመጣ ሳያሳድሩ መሄድ የመጀመሪያው ደንብ ነው። ከቁርስ በኋላ አንጀት በተፈጥሮው ስለሚንቀሳቀስ በዚያ ሰዓት ልማድ ማበጀት ይቻላል። ካልመጣ ግን ቁጭ ብሎ ማማጥ አይገባም፤ ተነሥቶ ጥቂት ተራምዶ ቆይቶ መመለስ ይሻላል። በመጸዳጃ ቤት ከ5 ደቂቃ ብዙም ያልበለጠ ጊዜ መቆየት በቂ ነው፤ ስልክም ከውጭ ቢቀር ይመረጣል።

ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት ሰገራ በቀላሉ እንዲወጣ ያግዛል። በመቀመጫ መጸዳጃ የሚጠቀም የከተማ ነዋሪ ከእግሩ ሥር ትንሽ ዱካ አድርጎ ጉልበቱን ከፍ ቢያደርግ ተመሳሳይ ጥቅም ያገኛል። ጉልበቱን የሚያመው አረጋዊ ደግሞ በጉድጓዱ ላይ በሚገጠም መቀመጫ ቢጠቀም በሕመም ምክንያት ሰገራውን ከመያዝ ይድናል።

ከተጸዳዱ በኋላ በሻካራ ወረቀት፣ በቅጠል ወይም በድንጋይ መጥረግ የተቆጣውን ቦታ ይልጣል። በንጹሕ ውኃ ቀስ አድርጎ መታጠብ፣ ከዚያም በለስላሳ ጨርቅ ሳይፈትጉ ጠጋ ጠጋ እያደረጉ ማድረቅ ይመረጣል። ሽታ ያለው ሳሙና በቦታው ላይ መጠቀም ማሳከኩን ይጨምራል። እጅን ግን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው።

ለብ ያለ ውኃ እና ማስታገሻ

ሕመሙ ሲበረታ በቤት ውስጥ ከሚደረጉት ሁሉ ቀላሉና ጠቃሚው ለብ ባለ ውኃ መዘፍዘፍ ነው። ለዚሁ ብቻ በተለየ ንጹሕ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ጨምሮ መቀመጫን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማቆየት፣ ይህንንም በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ በተለይም ከሰገራ በኋላ ማድረግ የተኮማተረውን ጡንቻ ያፍታታል፤ ሕመሙንም ያቀልላል። የውኃው ሙቀት ሕፃን የሚታጠብበትን ያህል መሆን አለበት፤ በክርን ተነክቶ የማይፋጅ ከሆነ ተስማሚ ነው። ጨው መጨመር ግድ አይደለም። በረኪና፣ አልኮል ወይም የሎሚ ጭማቂ መጨመር ግን ጎጂ ነው። ሳፋው ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ በሳሙና ይታጠባል።

ያበጠው ክፍል በድንገት ሲያም በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለ10 ደቂቃ ያህል መያዝ እብጠቱን ሊያበርድ ይችላል። በረዶን በቀጥታ በገላ ላይ ማኖር ግን ቆዳን ይጎዳል።

ለሕመም ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ቢወሰድ ይረዳል። ደም የሚፈሰው ሰው እንደ ዲክሎፍናክ እና ኢቡፕሮፌን ያሉትን በራሱ ፈቃድ ባይወስድ ይመረጣል፤ መድማትን ሊያባብሱ ይችላሉና። ትራማዶል እና ኮዴይን ያላቸው ማስታገሻዎች ደግሞ ሆድ ያደርቃሉ። ከመድኃኒት ቤት የሚገኙ ቅባቶች እና በፊንጢጣ የሚገቡ መድኃኒቶች ማሳከክን እና ሕመምን ለጊዜው ያስታግሳሉ፤ የተዘረጋውን ሥር ግን አያጠፉም። በውስጣቸው ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች ቆዳን ስለሚያሳሱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ1 ሳምንት በላይ መቀባት አይገባም።

ሰገራ ሲወጣ ብቅ ያለውን የውስጥ ኪንታሮት በንጹሕና እርጥብ ጣት ቀስ አድርጎ መመለስ ይቻላል። በጎን ተኝቶ ጥቂት ማረፍ ይህን ያቀልላል። በኃይል መግፋት፣ መብጣት ወይም በክር ማሰር ግን በቤት የሚሞከር አይደለም።

በእነዚህ እርምጃዎች ሕመሙና ማሳከኩ በጥቂት ቀናት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። የምግብ ለውጡ ሙሉ ውጤት ግን እስከ 6 ሳምንት ሊፈልግ ይችላል። ሲሻል ወደ ቀድሞው ልማድ የተመለሰ ሰው ሕመሙም ይመለስበታል።

ነፍሰ ጡሮች እና አራሶች

በእርግዝና ወቅት እያደገ የሚሄደው ማሕፀን በደም ሥሮች ላይ ይጫናል፤ የሰውነት ለውጡም አንጀትን ያዘገያል። በምጥ ጊዜ የሚደረገው መግፋት ደግሞ እብጠቱን ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት እና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ኪንታሮት በብዛት ይታያል። አብዛኛው ከወሊድ በኋላ በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል።

በእርግዝና ክትትል ወቅት የሚሰጠው የብረት እንክብል በአንዳንድ ሴቶች ላይ ሆድ ያደርቃል፤ ሰገራንም ያጠቁራል። በዚህ ምክንያት እንክብሉን ማቋረጥ አይገባም፤ የደም ማነስ ለእናትም ለጽንስም አደገኛ ነውና። ውኃና አትክልት መጨመር፣ ችግሩ ከጸናም ለባለሙያ ነግሮ መፍትሔ ማግኘት ይቻላል። ለአራስ የሚቀርበው ገንፎ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ብቻውን ሲዘወተር ሊያደርቅ ይችላል። አጥሚቱ፣ ውኃው፣ ጎመኑ እና ፍራፍሬው አብረው ቢቀርቡ አራሷ ስፌት ቢኖራትም ሳትፈራ ትጸዳዳለች። ነፍሰ ጡር እና አጥቢ እናት ማንኛውንም ቅባት ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ከመጠቀሟ በፊት ባለሙያ ማማከር አለባት።

«ነቅለን እንጥላለን» ለሚሉት ጥንቃቄ

በየከተማው ኪንታሮትን ያለ ቀዶ ሕክምና በጥቂት ቀናት ነቅለው እንደሚጥሉ የሚያስተዋውቁ ሰዎች አይጠፉም። ዕፍረት የያዘው ሰው በድብቅ የሚፈጸም ነገር ስለሚመርጥ ለእነዚህ ቅርብ ነው። የሚቀባው ነገር የሚያቃጥል ከሆነ ያበጠውን ሥር ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ገላም ይገድላል። «ወደቀ» የሚባለው ቁራጭም ብዙ ጊዜ የሞተ ሥጋ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጉዳት ከባድ ነው። ቁስሉ ሊመረቅዝ፣ ደሙ አልቆም ሊል፣ ፊንጢጣን የሚዘጋው ጡንቻ ተጎድቶ ሰገራን መቆጣጠር ሊያቅት ይችላል። ቁስሉ ሲድን በሚፈጥረው ጠባሳ ፊንጢጣ ሊጠብ እና ሰገራ ማለፊያ ሊያጣ ይችላል። ብዙ ሰዎች በአንድ ምላጭ የሚበጡበት ቦታም በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ያዛምታል። ሆድን በኃይል የሚያጥቡ እንደ ኮሶ ያሉ መድኃኒቶችም ለኪንታሮት አይረዱም፤ በተቅማጥ ቦታውን ይበልጥ ያስቆጣሉ።

ይህ ማለት የአገር ባህል ዕውቀት ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ተልባው፣ ቂንጬው እና ለብ ያለው ውኃም ከቤት የተገኙ ናቸው። መለያው ቀላል ነው፤ ሰገራን የሚያለሰልስና ቦታውን የሚያሳርፍ ነገር ይረዳል፤ የሚያቃጥል፣ የሚቆርጥ እና የሚያደማ ነገር ግን ይጎዳል።

ደም ሁሉ የኪንታሮት አይደለም

ከፊንጢጣ ደም እንዲወጣ የሚያደርጉ ሌሎች ሕመሞች ብዙ ናቸው። በሰገራ ጊዜ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሕመም ካለ የፊንጢጣ መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል። ደም ከንፍጥና ከቁርጠት ጋር ከመጣ አሜባ ወይም ሌላ የአንጀት ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። በጣና ሐይቅ ዙሪያ እና በሌሎች ውኃማ አካባቢዎች የሚገኘው ብልሃርዚያም ደም ያለበት ሰገራ ያመጣል። ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው። ይህ በሽታ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ይበዛል፤ ይሁንና በወጣቶችም ላይ ይከሰታል። በጊዜ ከተደረሰበት ሊድን የሚችል ሲሆን፣ ለወራት «ኪንታሮቴ ተነሣብኝ» እየተባለ ከቆየ ግን ዕድሉ ያልፋል።

ስለዚህ ደም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ማንኛውም ሰው አንድ ጊዜ መመርመር አለበት። ኪንታሮት መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ በቤት መንከባከብ ይቻላል። የሚከተሉት ሲታዩ ደግሞ የቤት ክብካቤን ትቶ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦

- ደሙ ከሰገራው ጋር የተቀላቀለ፣ የጠቆረ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ጥቁርና ተለጣፊ ከሆነ፤
- የሰገራ ልማድ ተለውጦ ድርቀት ወይም ተቅማጥ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ፤
- ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሰ፣ ወይም በቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር ያጋጠመው ሰው ካለ፤
- ድካም፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የትንፋሽ መቆራረጥ እና የፊት መገርጣት ከታየ፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚፈስ ደም ሳይታወቅ የደም ማነስ ያስከትላል፤
- የቤት ክብካቤ በ1 ሳምንት ውስጥ ምንም ለውጥ ካላመጣ።

ከዚህ የባሱት ደግሞ ቀን የማይሰጡ ናቸው። ብዙ ደም ሳይቆም ከፈሰሰ፣ ራስ ከዞረ ወይም ሰው ከወደቀ፣ የወጣው ኪንታሮት አልመለስ ብሎ ከጠቆረና በጣም ካመመ፣ ትኩሳት፣ መግል ወይም ሽንት መሽናት አለመቻል ከተከተለ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው በዚህ ረገድ የበለጠ መቸኮል ይኖርበታል። በፊንጢጣ አጠገብ በድንገት የወጣ፣ ሰማያዊ የሚመስልና እጅግ የሚያም ጠጣር እብጠት በሥሩ ውስጥ ደም መርጋቱን ያመለክታል። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ውስጥ ሐኪም ጋ ከተደረሰ የረጋው ደም በማደንዘዣ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ግን ብዙውን ጊዜ ሕመሙ በራሱ እየቀነሰ እብጠቱም በሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል።

ምርመራው ምን ይመስላል

ብዙ ሰው ከበሽታው ይልቅ ምርመራውን ይፈራል። ምርመራው የሚደረገው በዝግ ክፍል ሲሆን ታማሚው በጎኑ ይተኛል። ባለሙያው ቦታውን ያያል፤ ከዚያም ጓንት አድርጎ በጣቱ፣ አስፈላጊ ከሆነም በአጭር መመልከቻ መሣሪያ ይመረምራል። ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነው። ሴት ታማሚ ሴት ባለሙያ እንድትመረምራት ወይም አብሯት የምትቆም ሰው እንዲኖር መጠየቅ ትችላለች። የታማሚን ምሥጢር መጠበቅ የባለሙያው ግዴታ ነው። ረጅም ማብራሪያም አያስፈልግም፤ «ከሰገራ በኋላ ደም አያለሁ» ማለት ብቻ ለባለሙያው በቂ መነሻ ነው።

በመንደሩ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወዴት መሄድ እንደሚገባ ታመላክታለች። ጤና ጣቢያ የመጀመሪያውን ምርመራ፣ የሰገራ እና የደም ማነስ ምርመራን ይሰጣል፤ ካስፈለገም ወደ ሆስፒታል ይልካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ይህንን የሪፈራል ሥርዓት ተከትሎ መሄዱ ወጪውን ያቀልለታል። በሆስፒታል ደረጃ የውስጥ ኪንታሮትን ሥር በትንሽ የላስቲክ ቀለበት አስሮ እንዲደርቅ ማድረግ፣ በመርፌ መድኃኒት መስጠት፣ ለከፋው ደግሞ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ይቻላል። በቶሎ የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም።

የቤተሰብ ድርሻ

ኪንታሮት የአንድ ሰው ሕመም ቢሆንም መከላከያው የቤት ሁሉ ነው። በግቢ ውስጥ በርና ግድግዳ ያለው መጸዳጃ ቤት መቆፈር ከተላላፊ በሽታዎች ከመጠበቁ ባሻገር እናቶችና ልጃገረዶች ጨለማ ሳይጠብቁ እንዲጸዳዱ ያደርጋል። በጓሮ የሚተከል ጎመን፣ ፓፓያ እና ዘይቱን የቤተሰቡን አንጀት ይጠብቃል። አባት ወይም እናት ስለዚህ ሕመም በቤት ውስጥ ያለ ፌዝ ቢናገሩ ልጆች ሲታመሙ ለመናገር አያፍሩም።

ደም ያየ ሰው ለመናገር የሚደፍረው የሚሰማው ሲያገኝ ነው። ገበታ ላይ ቀርቦ መቀመጥ ያቃተውን ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ለብቻው የሚጠይቅ የትዳር አጋር ወይም ወዳጅ፣ ከሳፋው ውኃ እና ከተልባው ቀድሞ የሚደርስ እርዳታ ይሰጣል።